እንጨት ቀርጾ አገር ሊቀርጽ የተነሣ ሰው

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዊልያም ጄምስ ሊንተን ስለሚባል እንግሊዛዊ ልተርክላችሁ ነው። እንጀራው እንጨት መቅረጽ ነበር፤ እንቅልፍ የሚነሣው ግን የድሃው ሕዝብ መብት ነበር። ቀን በመቅረጫ ያገኛትን ሳንቲም ሌሊት በብዕር ይበትናታል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ኖረ። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እየጠራሁ እቀጥላለሁ።

ሊንተን የተወለደው ዲሴምበር 7 ቀን 1812 በምሥራቅ ለንደን ማይል ኤንድ በሚባል ሰፈር ነው። ናፖሊዮን ከሩሲያ በረዶ የተረፈውን ጦሩን ጥሎ ወደ ፓሪስ የሮጠበት ወር ነበር። ቤተሰቡ በልጅነቱ ወደ ስትራትፎርድ ተዛወረ፤ ልጁም ቺግዌል በሚባለው ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረ። እጁ ሥዕል ይወድ ነበርና በ1828 አባቱ ኬኒንግተን ወስዶ ጆርጅ ዊልሞት ቦነር ለሚባል እንጨት ቀራጭ በተለማማጅነት ሰጠው። ውሉ የስድስት ዓመት ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ይህን ሙያ ሳታውቁ ሰውየውን አታውቁትም።

ያን ጊዜ ፎቶግራፍን ወረቀት ላይ የሚያትም መሣሪያ የለም። ርካሽ መጽሐፍም ሆነ ጋዜጣ ሥዕል እንዲኖረው ከተፈለገ ሥዕሉን እንጨት ላይ መቅረጽ ግድ ነው። እንጨቱም እንዲሁ የተገኘ እንጨት አይደለም። ቦክስዉድ ይባላል፤ እድገቱ ዘገምተኛ፣ መልኩ ቢጫ፣ ጥንካሬው ከአጥንት የማይተናነስ፣ ከቱርክና ከጥቁር ባሕር አካባቢ በመርከብ የሚመጣ ነው። በቁመቱ አይሰነጠቅም፤ እንደ ጉማጅ አግድም ይቆረጣል። ከዚያ ቁመቱ ከማተሚያ ቤቱ የእርሳስ ፊደል ቁመት ጋር እኩል፣ ማለትም 23 ሚሊ ሜትር ግድም፣ እስኪሆን ይስተካከላል። ምክንያቱም ከፊደሉ ጎን ተደርድሮ፣ ከፊደሉ ጋር ቀለም ተቀብቶ፣ ከፊደሉ ጋር በአንድ ጊዜ የሚታተም ነው። ርካሽ መጽሐፍ ሥዕል ሊኖረው የቻለው በዚህ ብልሃት ነው።

ፊቱ እስኪያብለጨልጭ ከተፋቀ በኋላ ስስ ነጭ ቀለም ይቀባል፤ ሠዓሊው በእርሳስ ይሥልበታል። የቀራጩ ሥራ ከዚህ ይጀምራል። አሸዋ የተሞላ የቆዳ ትራስ ከፊቱ አለ፤ እንጨቱን እዚያ ላይ ያሳርፈዋል። ቀኝ እጁ መቅረጫውን ወደ ፊት ይገፋል፤ ግራ እጁ እንጨቱን ያዞራል። ኩርባ መስመር ሲያስፈልግ የሚዞረው እንጨቱ ነው፤ መቅረጫው ከአቅጣጫው ንቅንቅ አይልም። ሲመሽ በውሃ የተሞላ ክብ ብርጭቆ ከመብራቱ ፊት ይሰቀላል። የመብራቱ ብርሃን በውሃው አልፎ አንዲት ትንሽ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል፤ ቀራጩ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ያቺን ነጥብ እያየ ይሠራል። መቅረጫው የነካው ቦታ ይጎደጉዳል፤ ቀለም አይደርሰውም፤ ወረቀት ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያልተነካው ቀለም ይቀበላል፤ ጥቁር ይሆናል። እጅ ከሳተ መደለዝ የለም፤ የተበላሸው ቦታ ተበስቶ በሌላ እንጨት ተወትፎ እንደገና ይጀመራል።

በዚህ ሙያ ውስጥ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው መንገድ ሠዓሊው የሣላትን እያንዳንዷን መስመር ጠብቆ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ማስወገድ ነው። እዚህ ላይ ቀራጩ ሐሳብ አይጠየቅም፤ የሠዓሊው መስመር እንዳይሰበር መጠንቀቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የለንደኑ ሮበርት ብራንስተን በዚህ መንገድ ስም ያወጣ ሰው ነው፤ የሊንተን ጌታ ቦነር ደግሞ የብራንስተን ዘመድና ተማሪ ነበር። ሁለተኛው መንገድ የኒውካስሉ የቶማስ ቢዊክ ነው። ለቢዊክ እንጨቱ ጥቁር ሌሊት ነው፤ መቅረጫው በነካው ቁጥር ብርሃን ይገባል። የወፏን ላባ፣ የዛፉን ቅርፊት፣ የውሃውን ሞገድ በየትኛው ነጭ መስመር እንደሚያሳይ የሚወስነው ቀራጩ ራሱ ነው። ቀራጩ በመቅረጫው ይሥላል ማለት ነው። ቢዊክ የሞተው በኖቬምበር 1828 ነው፤ ሊንተን የመቅረጫ አያያዝ በተማረባት በዚያችው ዓመት። ልጁ የሠለጠነው በብራንስተን ወገን ቤት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተው ግን ለቢዊክ መንገድ ነው።

በሁለቱ መንገዶች መካከል የነበረው ጥያቄ አንድ ነበር። ሥራውን የሚሠራው ሰው አሳቢ ነው ወይስ እጅ ብቻ? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ።

ሊንተን ውሉን ጨርሶ በለንደን ስመ ጥር ቀራጮች ዘንድ መሥራት ጀመረ። እጁ ፈጣን፣ ዓይኑ ስል ነበር። ያን ጊዜ ግን ለንደን ውስጥ ሌላ ነገር ይፋጅ ነበር። መንግሥት በጋዜጣ ላይ የቴምብር ቀረጥ ጥሎ ነበር፤ በአንድ ቅጂ አራት ፔኒ። ቀን ሙሉ ሲለፋ ውሎ ጥቂት ሳንቲም ይዞ ለሚገባ ሠራተኛ ጋዜጣ የማይቀመስ ነገር ሆነ። ቀረጡ የተጣለውም ለዚሁ ነበር፤ ድሃው እንዳያነብ። ሄንሪ ሄዘሪንግተን የሚባል አታሚ ቀረጡን እንቢ ብሎ ያለ ቴምብር በአንድ ፔኒ ጋዜጣ አወጣ። አዟሪዎቹ በመቶዎች ተይዘው ወህኒ ወረዱ። መጽሐፍ ሻጩ ጄምስ ዋትሰንም በዚሁ ጋዜጣ ሳቢያ ታሰረ። ወጣቱ ሊንተን የነዚህ ሰዎች ወዳጅ ሆነ። በተለይ ዋትሰንን እንደ ታላቅ ወንድም ያከብረው ነበር፤ ከዓመታት በኋላም የሕይወት ታሪኩን ጽፎለታል።

በ1837 ላውራ ዌድን አገባ። ዓመት ሳይሞላቸው በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ሐዘኑን ያስታመመችው እህቷ ኤሚሊ ናት፤ ኋላም አብረው መኖር ጀመሩ። የእንግሊዝ ሕግ የሟች ሚስትን እህት ማግባት ይከለክል ስለነበር ጋብቻቸው በሕግ ፊት አልቆመም። ሰባት ልጆች ወለዱ። ሕግ የድሃውን ኪስ ብቻ ሳይሆን የሰውን ጓዳ ጭምር ሊያውክ እንደሚችል ሊንተን በራሱ ቤት አየው።

በ1839 ዘ ናሽናል የሚባል ሳምንታዊ መጽሔት ጀመረ። ዓላማው ውድ መጻሕፍትን የመግዛት አቅም ለሌለው ሠራተኛ ከነዚያው መጻሕፍት እየቀነጨበ ማቅረብ ነበር። ሥዕሎቹንም ራሱ ቀረጸ። መጽሔቱ ከግማሽ ዓመት በላይ አልዘለቀም፤ ገንዘቡ አለቀ።

ወቅቱ የቻርቲስቶች ወቅት ነበር። በ1838 የለንደን የእጅ ሥራ ሰዎች፣ ካቢኔ ሠሪውን ዊልያም ሎቬትን ይዘው፣ የሕዝብ ቻርተር የሚባል ሰነድ አወጡ። ስድስት ነገር ይጠይቃል። ዕድሜው 21 የሞላው ወንድ ሁሉ ይምረጥ፤ ምርጫው በምስጢር ይሁን፤ ለፓርላማ ለመወዳደር ሀብት አይጠየቅ፤ ለተመራጭ ደመወዝ ይከፈል፤ የምርጫ ክልሎች እኩል ይሁኑ፤ ፓርላማውም በየዓመቱ ይመረጥ። በ1839 አቤቱታውን ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ በላይ ሰው ፈረመበት። ፓርላማው ጣለው። በ1842 ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ። ይህንንም ጣለው።

ሊንተን የዚህ ሰልፍ ሰው ሆነ። ጨርቁን የሚሸምነው፣ ድንጋይ ከሰሉን የሚቆፍረው፣ መጽሐፉን የሚያትመው ሰው ስለ አገሩ ቃል አይጠየቅም ነበር። አሁን የያዛችሁትን ጥያቄ አምጡት። ያ ሰው በአገሩ ጉዳይ አሳቢ ነው ወይስ ትከሻ ብቻ? ሊንተን እንጨቱ ላይ የመለሰውን መልስ አደባባይም ላይ መለሰው።

በዚያችው 1842 እንጀራው ሰፋ አለች። ጆን ኦሪን ስሚዝ ከሚባል ቀራጭ ጋር ሽርክና ገባ። ሄርበርት ኢንግራም የሚባል ነጋዴም ሜይ 14 ቀን ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስን አወጣ። 16 ገጽ፣ 32 ሥዕል፣ ዋጋው ስድስት ፔኒ። ወሬን በሥዕል የሚያቀርብ ሳምንታዊ ጋዜጣ ዓለም ከዚያ በፊት አላየም። ለነሊንተን ሥራው እንደ ጎርፍ መጣ። የቦክስዉድ ግንድ ቀጭን ስለሆነ አንድ ገጽ የሚሞላ እንጨት አይገኝም፤ ትንንሽ ቁራጮች ከኋላ በብሎን ተጣምረው ትልቅ ገጽ ይሠራሉ። ሥዕሉ ከተሣለ በኋላ ብሎኑ ይፈታል። አንዱ ቀራጭ ሰማዩን፣ አንዱ ሕንፃውን፣ አንዱ የሰዎቹን ፊት ይዞ ሌሊቱን ሲቀርጽ ያድራል። ሲነጋ ቁራጮቹ እንደገና ይታሰራሉ፤ ዋናው ባለሙያ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ የሚሻገሩትን መስመሮች ስፌቱ እንዳይታይ አድርጎ ያገናኛቸዋል።

እኛም ከዚህ ጋዜጣ ጋር እንተዋወቃለን። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ጋዜጣው ሠዓሊውን ዊልያም ሲምፕሰንን ወደ አገራችን ልኮ ነበር። በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የምናያቸው በርካታ የዚያ ዘመቻ ሥዕሎች በንድፍ ለንደን ደርሰው፣ በዚሁ ዓይነት እንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ናቸው። ሊንተን ያን ጊዜ አሜሪካ ነበር፤ እጁ የለበትም። ሙያው ግን ያው የሱ ሙያ ነው።

ኦሪን ስሚዝ በ1843 ሞተ፤ የሥራ ቤቱ ሸክም ሊንተን ላይ ወደቀ። ይህ ሁሉ ጭንቅ እያለበት ነው እንግዲህ የተከፈቱ ደብዳቤዎች ጉዳይ የመጣው።

ጁሴፔ ማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ስደተኛ ለንደን ይኖር ነበር። ጣሊያን በኦስትሪያና በትንንሽ ነገሥታት ተከፋፍላ በተያዘችበት ዘመን አንድ ነፃ የጣሊያን ሪፐብሊክ እንድትሆን የሚታገል ሰው ነው። በ1844 ማዚኒ አንድ ነገር ጠረጠረ። የሚደርሱት ደብዳቤዎች ይዘገያሉ፤ ማኅተማቸው እንደተነካካ ያስታውቃል። እንግሊዝ ደብዳቤ የማይነካባት ነፃ አገር ናት ብሎ ዓለም ያምን ነበርና ክሱ ያለ ማስረጃ የሚነገር አልነበረም። ማዚኒ፣ ሎቬትና ሊንተን መከሩ። ለማዚኒ የሚላኩ ደብዳቤዎች ጻፉ፤ በእጥፋቱ መካከል የአደይ አበባን ዘር የሚያህሉ ደቃቅ ፍሬዎች፣ የአሸዋ ቅንጣቶች፣ የፀጉር ዘለላዎች አስገቡ። ደብዳቤውን የላከው ብቻ ነው ውስጡ ያለውን የሚያውቀው። ፖስታ ቤት አስገቧቸው። ደብዳቤዎቹ ማዚኒ እጅ ሲደርሱ ማኅተማቸው ደህና ይመስላል፤ ሲከፈቱ ግን ፍሬውም አሸዋውም ፀጉሩም የሉም። አንድ ሰው ከፍቶ አንብቦ መልሶ አሽጓቸዋል።

በጁን ወር የፊንስበሪው ተወካይ ቶማስ ደንኮም የነማዚኒን አቤቱታ ፓርላማ ላይ አቀረበ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰር ጄምስ ግራሃም ትእዛዙ ከሱ እንደወጣ ከማመን ሌላ ማምለጫ አጣ። አገሩ በቁጣ ተነሣ። ታዋቂው ደራሲ ቶማስ ካርላይል ለታይምስ ጋዜጣ ጽፎ ለማዚኒ መሰከረ። ሰዎች ከደብዳቤያቸው ጀርባ በግራሃም እንዳይከፈት የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፉ ጀመር። በዚያው በጋ አቲሊዮና ኤሚሊዮ ባንዲየራ የሚባሉ ወንድማማቾች ደቡብ ጣሊያን ላይ ሊያምፁ ወርደው ተያዙና በጥይት ተደበደቡ። ከማዚኒ ጋር ይጻጻፉ ነበርና ደማቸው ለንደን በተከፈተው ደብዳቤ ሳቢያ ፈሰሰ ብሎ ብዙ ሰው አመነ። ፖስታ ቤቱ ውስጥ የነበረው የምስጢር ክፍልም ተዘጋ።

የሊንተንን ሥራ ልብ በሉልኝ። ቀራጭ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀጉር የምታህል መስመር ሲያይ የሚውል ዓይን ነው። መንግሥትን ያጋለጠውም በዚያው ጥንቃቄ፣ በአንዲት ፀጉር ነው።

ከዚያ በኋላ ሊንተንና ማዚኒ ዕድሜ ልክ ወዳጆች ሆኑ። ከፖላንድ የተሰደደው ስታኒስላቭ ቮርሴልም ወዳጁ ነበር። በ1848 ፓሪስ ንጉሧን አባርራ ሪፐብሊክ ስታውጅ የእንግሊዝ ሠራተኞች የመጀመሪያውን የደስታ መልእክት ለጊዜያዊው መንግሥት እንዲያደርሱ ከላኳቸው ሰዎች አንዱ ሊንተን ነበር። በኤፕሪል 10 ደግሞ ቻርቲስቶቹ ሦስተኛውን አቤቱታ ይዘው ኬኒንግተን ሜዳ ላይ ተሰበሰቡ፤ ሊንተን በልጅነቱ ሙያ በተማረበት ሰፈር። መንግሥት ለንደንን በወታደርና በልዩ ፖሊስ ሞላት። አቤቱታው እንደገና ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ያ ታላቅ ሰልፍ እየሳሳ ሄደ። ያን ጊዜ ብዙዎች ቤታቸው ገቡ።

ሊንተን ግን በዚያው ዓመት የቴምብር ቀረጥ ከማይደርስባት ከማን ደሴት የሚታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ ማዘጋጀት ጀመረ። ያም ሲቆም በ1849 ቤተሰቡን ይዞ ከለንደን ጭስ ወደ ሰሜኑ የሐይቆች አገር ወጣ። በ1852 ኮኒስተን ሐይቅ ዳር ብራንትዉድ የሚባል ቤት ገባ። ከፊቱ ሐይቁ፣ ከሐይቁ ማዶ ኦልድ ማን የተባለው ተራራ፤ ከበላዩ የማያባራ ዝናብ።

በዚያው በሐይቆች አገር ሆኖ ኢንግሊሽ ሪፐብሊክ የተባለ መጽሔቱን አዘጋጀ። ከ1851 ጀምሮ እስከ 1855 ዘለቀ። ንግሥት ቪክቶሪያ ዙፋኗ በጸናበት፣ ባቡር በየአውራጃው በተዘረጋበት፣ ነጋዴው በጠገበበት ዘመን እንግሊዝ ሪፐብሊክ ትሁን ብሎ መጻፍ እብደት የሚያሰኝ ነገር ነበር። ሊንተን ግን ንጉሥ ይውረድ በማለት ብቻ አላበቃም። ሪፐብሊክ ለሱ የግዴታ ማኅበር ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን የሚሰጥበት፣ ማንም የማንም መሣሪያ የማይሆንበት ኑሮ። የማዚኒን መፈክር፣ እግዚአብሔርና ሕዝብ የሚለውን፣ የራሱ አድርጎ ያዘው።

ማተሚያ መኪናውን ከቤቱ ጎን በነበረ ክፍል ተከለ። በ1854 ዊልያም ኤድዊን አዳምስ የሚባል ከቼልተነም የመጣ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሊረዳው ደረሰ። የልብስ አጣቢ አያት ያሳደገችው፣ የማተሚያ ቤት ሥራ የተማረ ልጅ ነው። ፊደል ይለቅማሉ፤ ቀለም ይቀባሉ፤ ያትማሉ። ሊንተን ጽሑፉን ይጽፋል፣ ግጥሙን ይገጥማል፣ ሥዕሉን ይቀርጻል፤ ለገበያ የቀረጸውን እንጨት ደግሞ ወደ ለንደን ይልካል። ከለንደን የሚመጣው ክፍያ ለወረቀትና ለቀለም ይሄዳል። አንባቢው ግን ጥቂት ነበር፤ ዕዳው ብዙ። ልጆቹ በነፃነት አደጉ፤ ግን ጓዳው ባዶ የሚሆንበት ቀን ነበር። ይህን ሸክም ከሱ እኩል፣ ምናልባትም አብልጣ፣ የተሸከመችው ኤሚሊ ናት። የሰውየውን ታላቅነት ስንተርክ የሷን ድካም መዝለል ግፍ ይሆናል።

በ1855 መጽሔቱ ተዘጋ። የሚገርመው በዚያው ዓመት የጋዜጣ ቴምብር ቀረጥ በሕግ ተሻረ። ሄዘሪንግተን የለም፤ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። ወጣቱ አዳምስ ግን ኋላ ኒውካስል ሄዶ የኒውካስል ዊክሊ ክሮኒክል ዋና አዘጋጅ ሆነ፤ ለአሥርት ዓመታት የሰሜኑ ሠራተኛ ጋዜጣውን አነበበ። ብራንትዉድ ላይ የተዘራው እዚያ በቀለ።

ኤሚሊ በ1856 ሞተች። በሕመሟ ጊዜ ያስታመመቻት ደራሲዋ ኤሊዛ ሊን ነበረች፤ በእንግሊዝ ጋዜጣ ደመወዝተኛ ሆነው ከሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ። ልጆቹን አደራ ብላት ነው የሞተችው ይባላል። ሊንተንና ኤሊዛ በ1858 ተጋቡ። እሷ ሥርዓት ትወዳለች፤ ገንዘብ ታውቃለች። እሱ እጁ የገባውን ሁሉ ለስደተኛና ለመጽሔት የሚሰጥ ሰው ነው። ጥቂት ዓመት ኖረው ያለ ጠብ ተለያዩ። ሳይፋቱ፣ በደብዳቤ እየተጠያየቁ ኖሩ።

ሊንተን ወደ ለንደን ተመልሶ በሠራባቸው በነዚያ ዓመታት የሙያው ማዕረግ ከፍ ብሎ ነበር። በ1857 ለታተመው የገጣሚው የቴኒሰን ግጥሞች መድበል የሠዓሊውን የሮሴቲን ሥዕሎች ከቀረጹት አንዱ እሱ ነው። በ1863 ለወጣው የገጣሚና ሠዓሊው የዊልያም ብሌክ የሕይወት ታሪክ የብሌክን ሥራዎች ያባዛላቸውም እሱ ነው። በ1859 ደግሞ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ወደ ሥራ ቤቱ መጣ። የልጁ አባት ሠዓሊ ነው፤ ኪሱ ግን ባዶ ነው። በዘመኑ ልጁን ሙያ የሚያስተምር ወላጅ ለጌታው ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይከፍል ነበር። ሊንተን የልጁን ሥዕል አይቶ ያለ ክፍያ ተቀበለው። ልጁ ዋልተር ክሬን ነው። በሦስት ዓመት ሙያውን ጨርሶ ወጣ፤ ኋላ ለሕፃናት በሣላቸው መጻሕፍት ዓለም ያወቀው ሠዓሊ ሆነ፤ ለሠራተኛው መብት የሚሥል ሶሻሊስትም ሆነ።

በ1866 ሊንተን ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ሃምሳ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሌላው ሰው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ እሱ እንደ አዲስ ጀመረ። ኒው ዮርክ ውስጥ ፒተር ኩፐር ባቋቋመው ኩፐር ዩኒየን ሴቶችን እንጨት መቅረጽ አስተማረ። ሴት ልጅ ከመርፌና ከሞግዚትነት ሌላ መተዳደሪያ በማታገኝበት ዘመን ይህ ሙያ በራሷ እጅ እንጀራ የምትበላበት ነበር። በ1870 ኮኔቲከት ውስጥ ኒው ሄቨን አጠገብ ሃምደን በሚባል ቦታ አፕልዶር የተባለ ቤት ገዝቶ ተቀመጠ። እዚያም ማተሚያ ተከለ። ብራንትዉድን በ1871 ለጥበብ ሐያሲው ለጆን ረስኪን በ1,500 ፓውንድ ሸጠው። ረስኪን ቤቱን ሳያይ ነበር የገዛው፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ኖረበት። የገጣሚው የዋልት ዊትማንን ፊት ከፎቶግራፍ የቀረጸውም ሊንተን ነው፤ ዊትማንም ያን ምስል በ1876 በወጣው መጽሐፉ ውስጥ አስገባው።

አሁን የሙያው የመጨረሻው ጦርነት መጣ። ወጣቶቹ የአሜሪካ ቀራጮች፣ እነ ቲሞቲ ኮልና ፍሬድሪክ ዩንግሊንግ፣ አዲስ መንገድ ይዘው ተነሡ። ሥዕሉ በፎቶግራፍ እንጨቱ ላይ ይታተማል፤ እነሱም የሠዓሊውን የብሩሽ ዱካ ሳይቀር በሺህ ደቃቅ መስመር ይገለብጣሉ። እጃቸው ድንቅ ነበር፤ ሕዝቡም ታላላቆቹ መጽሔቶችም ወደዷቸው። ሊንተን ግን በጁን 1879 አትላንቲክ መንዝሊ ላይ ክርክሩን ይዞ ወጣ። መስመር ትርጉም ይኑረው አለ። ቀራጭ ዛፉን ከሰማዩ፣ ጨርቁን ከሥጋው በመስመሩ ለይቶ ማሳየት አለበት፤ ሁሉን በእኩል የሚገለብጥ ቀራጭ ግን ራሱን ወደ መሣሪያ ያወርዳል። ብዙዎች ሽማግሌው ዘመን አልፎበት ተቆጣ አሉ። እኔ ግን በዚህ ክርክር ውስጥ የ1839ኙን ሊንተን እሰማዋለሁ። በጥበብ የጠየቀውና በፖለቲካ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የሚሠራ እጅ የራሱ አእምሮ ይኑረው።

ነገሩ በምን አለቀ? ጥቂት ቆይቶ ፎቶግራፍን በነጠብጣብ የሚያትመው የብረት ሰሌዳ መጣ። በ1890ዎቹ የአዲሶቹንም የአሮጌውንም ቀራጮች ሥራ ከጋዜጣውና ከመጽሔቱ ጠራርጎ ወሰደው። ሰውን መሣሪያ ካደረጋችሁት ከሱ የረከሰ መሣሪያ ይመጣበታል።

ሊንተን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1882 የአሜሪካን የእንጨት ቅርጽ ታሪክ አሳተመ። ባሕር ተሻግሮ በብሪቲሽ ሙዚየም የቀደምት ባለሙያዎችን ሥራ አገላበጠ፤ በ1889 የእንጨት ቅርጽ ሊቃውንት የተሰኘውን ታላቅ መጽሐፉን አወጣ። የዬል ዩኒቨርሲቲ በ1891 የክብር ዲግሪ ሰጠው። በ1895 ትዝታዎቹን አሳተመ። ዲሴምበር 29 ቀን 1897፣ በሰማንያ አምስት ዓመቱ፣ ኒው ሄቨን ውስጥ አረፈ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ቻርተሩ ከጠየቃቸው ስድስት ነገሮች አምስቱ ተፈጽመዋል። ለመወዳደር ሀብት መጠየቁ በ1858 ቀረ። ምርጫው በ1872 ምስጢራዊ ሆነ። የምርጫ ክልሎቹ በ1885 ወደ እኩልነት ተጠጉ። ለተመራጮች ደመወዝ በ1911 ተፈቀደ። ወንድ ሁሉ በ1918 መረጠ፤ ሴቶች በእኩልነት የመረጡት በ1928 ነው። በየዓመቱ የሚመረጥ ፓርላማ ብቻ አልመጣም። የሊንተን ሪፐብሊክም አልመጣም፤ እንግሊዝ ዛሬም ዙፋን አላት።

የሊንተን መጽሔቶች ሁሉ ከሠሩ። አንዳቸውም ብዙ አንባቢ አላገኙም። ታዲያ ተሸነፈ እንበል? እኔ አልልም። እነዚያ አምስት ነገሮች ከሰማይ አልወረዱም። ፓርላማው ሦስት ጊዜ ከጣላቸው በኋላ፣ ሰልፉ ከተበተነ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ጥያቄው እንዳይረሳ ከኪሳቸው እየከፈሉ የጻፉ፣ ያተሙ፣ ወጣት ያሠለጠኑ ጥቂት ሰዎች ስለነበሩ ነው የመጡት። ድል ያደረገው ትውልድ ስማቸውን ባያውቅም ጥያቄያቸውን ከእጃቸው ተቀብሏል።

ሊንተን ያስቀመጠው ጥያቄ ዛሬም የኛ ነው። በማተሚያ ቤትም፣ በፋብሪካም፣ በቢሮም፣ በእርሻም ሥራውን የሚሠራውን ሰው ምን ታስባለህ ብሎ የሚጠይቀው ከሌለ ያ ሥራ ይጎድላል፤ አገርም እንዲሁ ይጎድላል። ሠራተኛን አሳቢ አድርጎ የሚቆጥር ቤት የሠራተኛውን እጅም ልብም ያገኛል። እጁን ብቻ የሚፈልግ ቤት ግን እጁንም በሙሉ አያገኘውም። ሊንተን ይህን ሰማንያ አምስት ዓመት ሙሉ ኖረበት፤ ትረካዬንም የተረክሁላችሁ እናንተም በየሥራችሁ እንድትጠይቁት ነው።